«የልጆች ጨዋታ ነው» ብለን የምናልፈው
በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ የማወራው ስለ ቁጠባና ብድር አይደለም፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት እርስ በርሳቸው ስለሚያደርሱት ጥቃት ነው።

ከተሜዎቹ «ቡሊንግ» ይሉታል። እኛ ጋ አንድ ስም የለውም፤ ማብሸቅ፣ ማንጓጠጥ፣ ማሸማቀቅ፣ ማግለል እንላለን። ሁለት ልጆች በኳስ ተጣልተው ቢደባደቡ ይሄ ጠብ ነው፣ ነገ ይታረቃሉ። እኔ የምለው ሌላውን ነው፤ ጉልበት ወይም ብዙ ጓደኛ ያለው ልጅ አቅም ያነሰውን ሆን ብሎና ደጋግሞ ሲጎዳ። ይህን መለየት ያስፈልጋል። ለጠብ የሚበጀው እርቅ ለዚህኛው አይሠራምና። ሁለቱን አቁሞ «በሉ ተሳሳሙ» ማለት ተበዳዩን ከትምህርት ቤት መልስ ለሚጠብቀው ዱላ አሳልፎ መስጠት ነው።

እዚህ ሰላ ድንጋይ ነገሩ የራሱ መልክ አለው። ከየገጠሩ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመጡት ልጆች ቤት ተከራይተው ይቀመጣሉ፤ ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ሄደው የሳምንት እንጀራቸውን፣ በሶና ቆሏቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ልብሳቸው የኩበት ጭስ ይሸታል። በዚህ ደጋ ኩበት የማይነድበት ቤት የማን ነው? ግን በጭሱ ስም የሚወጣላቸው እነሱ ናቸው። ትምህርት አቋርጠው ቆይተው የተመለሱትም አሉ፤ በቁመታቸው፣ በዕድሜያቸው «አባባ» እየተባሉ ከታናናሾቻቸው ጋር ይቀመጣሉ።

የሴቶቹ ደግሞ ይብሳል። የወር አበባ ቀሚሷ ላይ ታይቶ አንድ ጊዜ የተሳቀባት ልጅ በሚቀጥለው ወር እነዚያን ቀኖች ቤቷ ትውላለች። በየወሩ ሦስት አራት ቀን እየቀረች በሒሳቡ ወደ ኋላ ትቀራለች፣ ከዚያ «ሰነፍ» የሚል ሁለተኛ ስም ይጨመርላታል። መንገድ ላይ እየጠበቁ የሚያስፈራሯትም አለች። ለምን አትናገርም? «አፍራ ነው» እንላለን። ከልጃገረዶቹ ጋር ስቀመጥ የምሰማው ግን ሌላ ነው። ብትናገር አባቷ «እንግዲያው ይቅርብሽ፣ ቤትሽ ግቢ» እንደሚላት ታውቃለች። ቤት ከገባች ደግሞ ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም። መፍትሔያችን እሷን ከትምህርት ማስቀረት ከሆነ ዝም ማለቷ ብልህነት ነው፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ዝም እላለሁ። ስለዚህ ገና ምንም ሳይሆን፣ ዛሬ ማታ ቡና እያፈላችሁ ለልጃችሁ ንገሯት፦ «የሆነው ሁሉ ቢሆን፣ ብትነግሪኝ ከትምህርትሽ አላስቀርሽም።» ይህን ቃል ከሰማች ትናገራለች።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ዩኔስኮ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ በእኩዮቹ ተጠቅቷል። እኔን የበለጠ ያስገረመኝ ግን በካናዳ፣ ቶሮንቶ የተደረገ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በትምህርት ቤት ግቢ የሚሆነውን በካሜራ ቀርጸው ተመለከቱ። አንዱ ሌላውን ሲያጠቃ ከአሥሩ ጊዜ በዘጠኙ ገደማ ከበው የሚያዩ ልጆች አሉ። ገብቶ «ተው» የሚል የሚገኘው ከአምስት ጊዜ አንዴ ያህል ነው። ሲገባ ግን ከግማሽ በላዩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይቆማል። አሥር ሰከንድ! ፊንላንዶች «ኪቫ» የሚሉት የትምህርት ቤት ፕሮግራም ትኩረቱን የጣለው በእነዚህ ቆመው በሚያዩት ላይ ነው። እኛም «ልጄ አልመታም፣ አልተመታም» ብለን ልንቀመጥ አንችልም፤ ምናልባት ከቆሙት አንዱ ነው።

ልጆቹ ጉልበትን ከየት ተማሩት? «ያልተቀጣ ሲቆጡት ያለቅሳል» እያልን አለንጋ ግድግዳ ላይ የሰቀልነው እኛው ነን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ሆኖም አስተማሪው ሲወጣ የክፍል አለቃው ዱላ ይዞ «የሚረብሹትን» ስም ይጽፋል። ስሙ እንዲሰረዝለት እስክሪብቶውን የሚሰጥ ልጅ አለ። ይሄ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሥልጣን ትምህርት ነው፤ መጥፎ ትምህርት።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ግብረ ገብ መግባቱ ደግ ነው። ነገር ግን መከባበር ከሀ፣ ለ፣ ሐ ውስጥ በፈተና የሚመረጥ መልስ ብቻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ንዴትን መግዛት፣ የሌላውን ሕመም መረዳት፣ ሳይሳደቡ «አይሆንም» ማለት በሥራ የሚለመድ ነው። እናንተ ታውቁታላችሁ። ስንጀምር ስማችንን ለመናገር እንኳ ነጠላችንን አፋችን ላይ እናደርግ ነበር። በየሳምንቱ ክብ ሠርተን በተራ ስንናገር፣ መሪነቱን ስንቀባበል፣ ዛሬ ብድሯን ያዘገየችን እህት ሳናዋርድ እንጠይቃለን፤ እሷም ሳትሸሽ ትመልሳለች። ይህንኑ አንድ ክፍል በሳምንት ግማሽ ሰዓት ቢያደርገው ገንዘብ አይጠይቅም።

የሚያጠቃውንም ልጅ አንጣለው። ቤቱ ምን እንዳለ ሳይጠየቅ ቢባረር ያንኑ ጉልበት መንገድ ላይ ይዞት ይቆማል። ጥፋቱን ግን በስሙ እንጥራው፤ የሰበረውን ይጠግን፣ የቀማውን ይመልስ።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ልጆቹ አቤት የሚሏት አንዲት የታወቀች ሴት መምህር ትመደብ። የክፍል አለቅነት በየወሩ ይዙር፣ ዱላውም ይቅር። ለልጃገረዶቹ ክበብ አንዲት የምትቆለፍ ክፍልና የንጽሕና መጠበቂያ ይገኝ፤ ለዚህኛው ከማኅበራዊ መዋጯችን ማውጣት እንችላለን ባይ ነኝ፣ እናንተ ወስኑ። ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ሴቶች እንላክ። ወንዶቹ ብቻ ሄደው ስለ አጥር ማጠሪያ ተነጋግረው እንዳይመለሱ። እኔ ስሜን አስመዝግቤያለሁ፤ ደብተሩ ጸሐፊዋ ጋ ነው፣ ስትወጡ ታገኙታላችሁ።