ግድግዳ የሚለሰንበት ወር
(ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ግድግዳ ልስን ነው። «ልስን ምን ነገር አለበት፥ ከእናቶቻችን የተማርነው ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ ጭቃ በማቡካት እኔ እናንተን አላስተምርም። ነገር ግን ያማረው ልስን ጊዜውን ካልጠበቀ ቤተ ሰቡን ለወባ አሳልፎ ይሰጣል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ።

አስቀድሜ ስለ ልስኑ ጥቅም ጥቂት ልናገር። የጭቃ ቤት ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ትኋን ይሸሸጋል፥ ይራባል። ስለዚህ ቤታችሁን ከማስጌጣችሁ በፊት ስንጥቁን ድፈኑ። የተላላጠውን አሮጌ ልስን አራግፉ፥ አዲሱ እንዲይዝም ግድግዳውን በውሃ አርጥቡት። ዋልካ አፈር ሲደርቅ ክፉኛ ስለሚሰነጠቅ ለብቻው አይሆንም፤ ቀይ አፈርና ጥቂት አሸዋ ይጨመርበት። የደቀቀ የጤፍ ጭድ ጨምራችሁ፥ ጭቃው ጥቂት ቀን እየተረገጠ ይቡካ። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመለሰን፥ ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ መለሰን ይሻላል። ይህ ሲደርቅ በወንፊት በተነፋ ነጭ ወይም ቀይ አፈር ቀቡት፤ ሐረጉንም አበባውንም እንደ ወደዳችሁ ሣሉ።

እበት የነካ እጅ ግን በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ አይሥራ፥ ሕፃንም አይንካ። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ዘር በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል። በአራስ ልጅ እትብት ላይ እበት መቀባት ልጁን ለሞት መስጠት ነው።

አሁን ወደ ወባው ነገር ልመለስ። ወባን የምታስተላልፈው ቢምቢ በሌሊት ሰውን ትነክሳለች። ደም ከጠጣች በኋላ ሰውነቷ ስለሚከብድ ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ግድግዳ ላይ ታርፋለች። የወባ መከላከያ መድኃኒት በግድግዳ ላይ የሚረጨውም ስለዚህ ነው፤ ያረፈችበት መድኃኒት በእግሯ ገብቶ ይገድላታል። ካልሞተች ግን የአንዱን ልጅ ወባ ወደ ሌላው ልጅ፥ ወደ ጎረቤትም ታደርሳለች።

መድኃኒቱ ኃይል የሚኖረው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ወባ የሚበረታው ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ፥ ውሃው በየጉድጓዱ ሲቋጥር፥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። በብዙ ስፍራ ርጭቱ ከዚያ በፊት በክረምት ይደረጋል። እኛስ ቤታችንን የምንለስነው መቼ ነው? ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል! መድኃኒቱ ተረጭቶ ሳምንታት ሳይቆይ እናት ተነሥታ በጭቃ ትሸፍነዋለች። ቢምቢዋም በአዲሱ ልስን ላይ ያለ ሥጋት ታርፋለች። ኖራ መቀባትም፥ ጋዜጣ መለጠፍም፥ ግድግዳ ማጠብም ከዚህ አይለይም።

ይህን በአንድ መንደር ስናገር አንዲት ባልቴት ተነሡና፥ «ልጄ፥ ታዲያ እንግዳ በሚመጣበት በዓል የጠቆረ ግድግዳ ይዤ ልዋል? ሰውስ ምን ይለኛል?» አሉኝ። እኔም፥ «እማማ፥ የቤት ክብር ቀላል ነገር አይደለም። ልስኑን አይተዉት፤ ወሩን ብቻ ይለውጡት» አልኋቸው።

ወሩም ሚያዝያና ግንቦት ነው። ያን ጊዜ ዝናቡ ገና ስላልበረታ ልስኑ በደንብ ይደርቃል፤ ርጭቱም ሲመጣ ያማረ ግድግዳ ያገኛል። አባወራዎችም አፈሩንና ጭዱን፥ ውሃውንም በማመላለስ እርዱ። እናት ብቻዋን ይህን ሁሉ ከቻለች የምትችለው ለበዓል ተጣድፋ ነውና፥ እገዛ ካላገኘች ወሩን ልትለውጥ አትችልም።

ለበዓሉስ ምን ይደረግ? ወለሉ ይለቅለቅ፥ የውጭው ግድግዳ ይለሰን፥ ዕቃው ታጥቦ ይደርደር፥ ቄጤማ ይጎዝጎዝ። የተረጨው የውስጥ ግድግዳ ግን አይነካ። ርጭት በማይደረግበት ቀበሌ በማንኛውም የበጋ ወር መለሰን ይቻላል። ርጭት መኖሩንና ጊዜውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ።

የርጭቱ ቀን ምግብ፥ ውሃና ዕቃ አስቀድሞ ይውጣ። ሕፃናትና ከብት ከቤት ይራቁ። ረጪዎቹ የነገሯችሁ ሰዓት ሳይደርስም ወደ ቤት አትግቡ።

ይህን ሁሉ የምናገረው ወባ ምን ያህል ክፉ እንደ ሆነ አገራችን ስለምታውቅ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. በወይና ደጋው ጭምር በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ዛሬ ርጭትም፥ አጎበርም፥ የሚያድን መድኃኒትም አለ። ይሁን እንጂ ርጭቱን በጭቃ ከቀበርነው፥ አጎበሩን ካጠፍነው፥ ትኩሳት የያዘውን ልጅም በቤት ካቆየነው ምን ይጠቅመናል? ልጅ ሲያተኩሰው ሌላ ቀን ሳትጠብቁ፥ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ አድርሱት።

እንግዲህ እናቶች፥ ከሁሉ ይልቅ ይህችን አንዲት ቃል ያዙልኝ፤ ከርጭት በፊት ለስኑ፥ ከርጭት በኋላ አትለስኑ።