አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ ዊልቸር የለም
(በዲላ ከተማ ለለጋሾችና ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦች ከቀረበ ንግግር)



የተከበራችሁ ለጋሾቻችን፣ የተከበራችሁ የየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦች፤ ምስጋና ለአላህ ይገባውና ዛሬም ስለ የቲሞቻችን ለመመካከር ተገናኝተናል። ስለ ቀለባቸው፣ ስለ ደብተራቸውና ስለ ዒድ ልብሳቸው ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ግን መራመድ ስለተሳናቸው ልጆች እንነግራችኋለን፤ ንግግራችንንም የምንጀምረው ከራሳችን ጥፋት ነው።

በወናጎ ወረዳ፣ በአንድ ገደላማ ቀበሌ፣ አባቷ የሞተባት አንዲት ልጅ ከአጎቷ ቤት ታድጋለች። እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዙላትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናንተ በሰጣችሁት ገንዘብ ዊልቸር ገዝተን ወሰድንላት። ዱዓ ተደረገ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ደስ ብሎን ተመለስን። በሁለተኛው ክረምት ልንጠይቃት ስንሄድ ዊልቸሩን ከጓዳው ግድግዳ ተደግፎ አገኘነው። የፊት ጎማው ተሰብሯል። ወንበሩም ለአዋቂ የተሠራ ስለ ነበር ልጅቱ በተቀመጠችበት ቁጥር ወደ ጎን ትዘም ነበር። እንደ ቀድሞው በአጎቷ ጀርባ ታዝላ ነበር የተቀበለችን። ሳንለካ ሰጠን፤ ከሰጠንም በኋላ ዞር ብለን አላየንም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ፣ ዊልቸር ተስማሚ ነው የሚባለው ከተጠቃሚው አካል ጋር ሲመጣጠን፣ ለሚኖርበት አካባቢ ሲበጅና በአገሩ ሊጠገን ሲችል ነው። የገዴኦን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም። ከእንሰቱና ከቡናው መካከል በሚወርደው ቀጭን መንገድ፣ በዚያ ክረምት በሚያርሰው ቀይ ጭቃ፣ ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ ትንሽ ጎማ አሥር እርምጃ አይሄድም። ሰው ሠራሽ እግር ለሚያስፈልገው ልጅ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ልጅ ያድጋል፤ እግሩ ግን አብሮት አያድግም። ስለዚህ በየዓመቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ፣ እንደገና መለካትና መቀየር አለበት። እንዲህ ያለውን ፍላጎት በአንድ የረመዳን መዋጮ መዝጋት አይቻልም።

ታዲያ ማን ይክፈለው? በአገራችን ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ይሠራል። መክፈል የማይችለውን ድሃ ቤተሰብ መዋጮ መንግሥት ይሸፍንለታል። ብዙዎቹ የቲም አሳዳጊዎቻችን በዚህ ተጠቅመዋል፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም መድኑ የሚከፍለው ውል ለገባባቸው የጤና ተቋማት ሕክምና ነው። ልጅ ወድቆ እግሩ ቢሰበር ይታከማል። እግሩ ቢቆረጥ ቁስሉ እስኪድን ይተኛል። ከዚያ በኋላ ቆሞ የሚሄድበትን እግር ግን ቤተሰቡ ከኪሱ ወይም ከበጎ አድራጊ ይፈልጋል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የአሠራር ነው። የአካል ተሐድሶ ማዕከላት ለረጅም ዘመን የኖሩት በጤና ቢሮዎች ሳይሆን በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎች ሥር ነው። ስለዚህ የመድኑ ገንዘብና ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ክፍል ሳይተዋወቁ ቀሩ። ከዲላ ልጅ የምንልከው በዚሁ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ወደሚገኘው የአርባ ምንጭ ማዕከል ነው። አሳዳጊው ቡናውን ሳይለቅም ትቶ፣ የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ ተበድሮ ይሄዳል።

ሕጉ ግን ተለያይተው የቀሩትን አንድ ላይ አስቀምጧቸዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዝዛል። አካል ጉዳተኛ የሆነ የቲም በዚህች አንዲት ንዑስ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ተጠርቷል ማለት ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። የኡመውያው ኸሊፋ አል-ወሊድ ኢብን ዐብዱልመሊክ (እ.ኤ.አ. 705–715) መራመድ ለተሳነው አገልጋይ፣ ለዓይነ ስውሩም መሪ ከመንግሥት ወጪ እንደ መደበ የታሪክ ጸሐፍት ዘግበዋል። በዚያ ዘመን ሰደቃ አልቀረም ነበር፤ መራመድ የተሳነው ሰው ግን የለጋሽን ስሜት እንዲጠብቅ አልተተወም። ከዘመናችንም ሩዋንዳ አለች። ከእኛ እጅግ ያልራቀ ኑሮ ያላት አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ሰው ሠራሽ አካልንና የአካል መደገፊያን በማኅበረሰብ ጤና መድኗ ውስጥ ለማካተት ወስናለች።

ገንዘቡ አይበቃም የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ከአንድ ገበሬ ቤተሰብ የሚሰበሰበው መዋጮ ትንሽ ነው፤ ሸክሙም ሁሉ በእርሱ ላይ ሊወድቅ አይገባም። ስለዚህ የምንጠይቀው ሁሉን በአንድ ጊዜ አይደለም። ከ18 ዓመት በታች ባሉ ልጆች፣ በክራንች፣ በዊልቸርና በሰው ሠራሽ እግር ይጀመር፤ ጥገናው ይካተት፤ መድኑም ከአርባ ምንጩ ማዕከል ጋር ውል ይግባ፤ ልዩነቱን የመንግሥት ድጎማ ይሙላ።

አሳዳጊዎች ሆይ፤ የየቲሙ ስም በመድን መታወቂያችሁ ላይ መጻፉን ዛሬውኑ አረጋግጡ። ለመድኑ ጠቅላላ ጉባኤ ተወካይ ስትመርጡም ይህን ጥያቄ አስይዛችሁ ላኩት። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም እንዲህ ያሉ ልጆች አሏቸውና አብራችሁ ተናገሩ። ለጋሾቻችን ደግሞ መድኑ እስኪደርስ ድረስ፣ ከደረሰም በኋላ፣ የመንገዱንና የማደሪያውን ወጪ አትተዉብን።

የወናጎዋ ልጅ ቡና ከተለቀመ በኋላ ከአጎቷ ጋር ወደ አርባ ምንጭ ትሄዳለች። በዚህ ጊዜ ትለካለች። የጉዞዋ ወጪ ግማሹ ተገኝቷል፤ ቀሪውን የምትሸፍኑ ከስብሰባው በኋላ በጽሕፈት ቤታችን አነጋግሩን።