የካካዎ ገበሬዎችና የጋናው የገንዘብ ሚኒስትር
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ መጠባበቂያ ገንዘብ እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ እንደ ልማት ጣቢያ ሠራተኛነቴ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በኋላ ግን በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ አባታችን ተነሥተው የጠየቁት ትዝ አለኝ። «ትርፍ ተገኘ ትሉናላችሁ። ለእኛ የሚደርሰን ግን ጥቂት ነው። የቀረው የት ገባ?» ነበር ያሉት። ከመድረክ የተሰጣቸው መልስ «ለመጠባበቂያ ተይዟል» የሚል ብቻ ነበር። አባታችን ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ። መልሱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ግን አላረካቸውም።

ይህንኑ ጥያቄ ከ70 ዓመት በፊት የጋና ገበሬዎች አንሥተውት ነበር። ጥያቄው የተነሣባቸው ሰው ኮምላ አግቤሊ ግቤዴማ ይባላሉ፤ የጋና የነጻነት ዘመን የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር ናቸው። የእሳቸው የሕይወት ታሪክ ለእኛም የሚያስተምረን ስላለው ባጭሩ ላቅርብላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግቤዴማ ከጋና የኤዌ ብሔረሰብ ወላጆች በ1913 ናይጄሪያ ውስጥ ዋሪ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በታዋቂው የአቺሞታ ትምህርት ቤት ተምረው የሳይንስ መምህር ሆኑ፤ በኋላም በጣውላ ንግድ ተሠማሩ። ከዚያም ከክዋሜ ንክሩማ ጋር የነጻነት ትግሉን ተቀላቀሉ። በጋዜጣ ሥራቸው ምክንያት እሳቸውም ታስረው ነበር። በ1950 ንክሩማ በእስር ላይ ሳሉ ፓርቲውን የመሩት፣ ለየካቲት 1951 ምርጫም ያዘጋጁት ግቤዴማ ናቸው። ንክሩማ እስር ቤት ሆነው ተመረጡ፤ ከእስርም ወጥተው መንግሥት መሠረቱ።

ግቤዴማ በ1954 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። አገሪቱ ያኔ ጎልድ ኮስት ትባል ነበር፤ ነጻነቷ ገና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር። ዋና ገቢዋ ቸኮሌት የሚሠራበት ካካዎ ነበር። ገበሬው ካካዎውን የሚሸጠው በ1947 ለተቋቋመው የካካዎ ገበያ ቦርድ ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት የካካዎ ዋጋ በዓለም ገበያ በቶን ከ400 ፓውንድ በላይ ወጣ። ሚኒስትሩም በነሐሴ ወር ለምክር ቤቱ የሕግ ረቂቅ አቀረቡ። ለአንድ ሸክም፣ ማለትም ለ27 ኪሎ ግራም ያህል፣ ለገበሬው የሚከፈለው ዋጋ ለአራት ዓመት 72 ሽልንግ እንዲሆን ተወሰነ። ይህ በቶን ሲሰላ 134 ፓውንድ ገደማ ነው። ገበሬው የምርቱን የገበያ ዋጋ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ አገኘ ማለት ነው። የቀረው ለቀረጥና ለመጠባበቂያ ሆነ።

ሚኒስትሩ ምክንያት ነበራቸው። የዛሬ ዋጋ ነገ ላይኖር ይችላል። ገንዘብ በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ቢገባ የሸቀጥ ዋጋ ይንራል። ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤትም ገንዘብ ያስፈልጋል። እኔም በትምህርት ቤት ብጠየቅ ይህንኑ በጻፍኩ ነበር።

ነገር ግን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። በአሻንቲ የሚኖሩ ገበሬዎች የተናቁ መሰላቸው። በመስከረም 1954 በኩማሲ ከተማ አዲስ የተቃውሞ ንቅናቄ ተመሠረተ፤ ምልክቱም የካካዎ ዛፍ ነበር። ብጥብጥ ተነሣ፣ ቤት ፈረሰ፣ ሰው ሞተ። እንግሊዞችም ነጻነቱ ከመሰጠቱ በፊት በ1956 እንደገና ምርጫ መደረግ አለበት አሉ። በዚያው ዓመት አንድ መርማሪ ኮሚሽን ለገበሬው ብድር እንዲሰጥ የተቋቋመው የካካዎ ግዥ ኩባንያ ለገዢው ፓርቲ ጥቅም ይሠራ እንደነበር አረጋገጠ። በዚህ ጊዜ የገበሬው ጥርጣሬ መሠረት እንዳለው ታወቀ።

ያም ሆኖ ግቤዴማ ታላቅ ሥራ የሠሩ ሰው ናቸው። መጋቢት 6 ቀን 1957 ጋና ነጻ ስትወጣ ወደ 200 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ተቀማጭ ነበራት። በ1958 የራሷን ገንዘብ አሳተመች። በጥቅምት 1957 ሚኒስትሩ አሜሪካን ሲጎበኙ በዴላዌር ግዛት አንድ ምግብ ቤት የብርቱካን ጭማቂ አዘዙ፤ ጥቁር በመሆናቸው ግን ተቀምጠው መጠጣት እንደማይችሉ ተነገራቸው። ነገሩ በዓለም ሲሰማ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በዋይት ሐውስ ቁርስ ጋበዟቸው። ግቤዴማም ስለ ደረሰባቸው ብቻ አላወሩም፤ አገራቸው ስለምትፈልገው የቮልታ ወንዝ ግድብ ተነጋገሩ። የአኮሶምቦ ግድብ በጥር 1966 ተመረቀ።

መጨረሻቸው ግን አላማረም። በ1961 ከገንዘብ ሚኒስትርነት ተነሡ። ከእሳቸው በኋላ የመጣው በጀት ከሠራተኛው ደመወዝ አስገዳጅ ቁጠባ ስለቆረጠ በመስከረም የባቡር ሠራተኞች አድማ መቱ። ግቤዴማ በዚያው ሰሞን ከመንግሥት ተሰናበቱ። በጥቅምት ወር ልዩ ፍርድ ቤት የሚያቋቁመውን ሕግ በምክር ቤት ፊት ተቃውመው ተናገሩ፤ ከዚያም አገር ጥለው ተሰደዱ። በ1965 የካካዎ ዋጋ በቶን ከ100 ፓውንድ በታች የወረደበት ጊዜ ነበር። ለዚህ ቀን ተብሎ የተያዘው ተቀማጭ ግን ተሟጦ አገሪቱ ዕዳ ውስጥ ገብታ ነበር። በየካቲት 1966 የንክሩማ መንግሥት ወደቀ። ግቤዴማ ተመልሰው በ1969 ለምርጫ ተወዳደሩ፤ ፓርቲያቸው ከ140 ወንበር ያገኘው 29 ብቻ ነበር። አሻንቲ ድምፁን የሰጠው በዚያ በካካዎ ጠብ ዘመን ተቃዋሚያቸው ለነበሩት ለቡሲያ ነው። ግቤዴማ በ1998 በ85 ዓመታቸው ዐረፉ።

የተከበራችሁ አባላት፣

ገበሬው የዓመቱን ሁሉ ገንዘብ ይብላ አልልም። ዋጋ ይወርዳል፤ ዝናብ ይቀራል፤ መጠባበቂያ የሌለው ዩኒየን በአንድ ክፉ ዓመት ይዘጋል። በዚህ ግቤዴማ ትክክል ነበሩ። የጎደለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገንዘቡ ሲያዝ ባለቤቱ ተጠይቆ አልተስማማም። ሁለተኛ፣ የተያዘው ገንዘብ ክፉ ቀን ሲመጣ በቦታው አልተገኘም። ባለቤቱ የማያውቀውን ገንዘብ የሚጠብቅለት ሰው አይኖርም።

ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ የኦዲት ሪፖርቱ በሚሊዮን ብቻ አይነበብ። ከአንድ ኩንታል ስንት ብር እንደተያዘ፣ አሁን የት እንዳለ፣ ለምን እንደሚውልና ማን ፈርሞ እንደሚያወጣው ይነገረን። ያላነበበም እንዲገባው በቃል ይብራራ። ያኔ አባታችን ያነሡትን ጥያቄ ማንም አባል ለጎረቤቱ ሊመልስ ይችላል።

ዩኒየናችን ለብዙ ዓመት ይኑር።