«የመጨረሻው ሰው ማን ነው?»

በምሩቃን ማኅበራችን መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር



ሐኪም ሆና ስለ ኮምፒዩተር ምን ልታወራን ነው እንዳትሉኝ፤ የማወራው ስለ ተራ ነው። እኛ ዘንድ ተመላላሽ ክፍል የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የመጨረሻው ሰው ማን ነው?» ብሎ ነው። ከፊቱ ያለውን አንድ ሰው ካወቀ ይበቃዋል፤ የሁሉንም ስም መያዝ አይጠበቅበትም።

በአርባዎቹ ዕድሜዬ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ስጀምር፣ «ሊንክድ ሊስት» የሚሉት ነገር ይኸው ተራ ሆኖ አገኘሁት። ልዩነቱ፣ እዚህ እያንዳንዱ የሚያውቀው ከኋላው ያለውን መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ሳጥን ሁለት ነገር ይይዛል፦ የታካሚውን ስምና የቀጣዩን ሳጥን አድራሻ። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ሳጥን ይዞ ሌሎቹን በአድራሻ እየተከተለ ያገኛል፤ የመጨረሻው ሳጥን አድራሻ ባዶ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ኒዌል፣ ሾው እና ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ተጠቅመውበታል። ጥሩነቱ፣ መሃል ሰው ለማስገባት ሌላውን ሁሉ መግፋት አያስፈልግም፤ ሁለት አድራሻ ማስተካከል ይበቃል።

እኔም ለክፍላችን የተራ መጥሪያ ጻፍኩ። ከኋላ መጨመሩን፣ ከፊት ማውጣቱን ሞከርኩ፤ ሠራ። መሃል ማስገባቱን ሳልሞክር ሥራ ላይ አዋልኩት።

በመጀመሪያው ቀን ቶሎ መታየት ያለባት ታካሚ መጣች፤ ከሁለተኛው ሰው ቀጥሎ አስገባናት። ትክክለኛው አሠራር፣ አዲሱ ሳጥን መጀመሪያ የቀጣዩን አድራሻ ከፊተኛው ይቀበላል፤ ከዚያ ነው ፊተኛው ወደ አዲሱ የሚያመለክተው። እኔ ሁለቱን መስመሮች አገላብጬ ጽፌአቸው ነበር። ፊተኛው አስቀድሞ ስለዞረ የቀጣዩ አድራሻ እዚያው ጠፋ፤ አዲሱ ሳጥን የተቀበለውም የራሱን አድራሻ ሆነ። ስክሪኑ የእሷን ስም ብቻ ደጋግሞ ይጠራል፤ ከእሷ በኋላ ያሉት የሉም። ፓይተን ደግሞ ማንም የማያመለክተውን ሳጥን ጠርጎ ያጠፋዋል።

ከጠፉት መካከል የስኳር መድኃኒታቸውን ወስደው ቁርስ ሳይቀምሱ የመጡ አንድ እናት ነበሩ። ነርሷ ስታያቸው ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስኳር በውኃ በጥብጠን ሰጠናቸው። ነፍሳቸው መለስ ሲል «ልጄ፣ ተራዬን አሳለፍኩ እንዴ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ያሳለፍኳቸው እኔ ነኝ እኮ! ሌሎቹን ያገኘናቸው የካርድ ክፍሏ ልጅ በእስክሪብቶ ከያዘችው መዝገብ ነው።

እርማቱ ሁለት መስመር ማቀያየር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ባዶውን ሰልፍ፣ አንድ ሰው ብቻ ያለበትን፣ መሃሉንና መጨረሻውን ሳልሞክር ሥራ ላይ አላውልም። የወረቀት መዝገቡንም አላስቀረሁትም።

ተማሪ ሳለን መምህሮቻችን «ቀጣዩ ተረኛ ታካሚውን ሳይረከብ ከዋርድ እንዳትወጡ» ይሉን ነበር። ያኔ ጭቅጭቅ ይመስለኝ ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ ፕሮግራም የምትጽፉ ታናናሾቼም ይህችን ያዙልኝ፦ አዲሱ ሳይረከብ የያዛችሁትን አትልቀቁ።