ጧሪውንም የሚደግፍ ያስፈልጋል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናቀርብላችሁ ጉዳይ በፈተና ወረቀት ላይ የማይመጣ፥ ነገር ግን በየቤታችን ያለ ጉዳይ ነው። ይኸውም ጕልበታቸው የደከመ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፥ እንዲሁም አካላቸው የተጐዳ ወገኖቻችን ለዓመታት የሚያስፈልጋቸውን እንክብካቤ ከማን ያገኛሉ? የሚለው ነው። በጠቅላላው ከማውራት ይልቅ በዛሪማ እንመልከተው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። ጡረታ የሚለውም ቃል የወጣው ከዚሁ ከመጦር ነው። ነገር ግን በ1963 የወጣው የጡረታ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛውን፥ በ2011 የወጣው ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኛውን የሚመለከት ነበር። ገበሬው ከሁለቱም ውጭ ነው፤ የገበሬው ጡረታ ልጁ ነው። ልጁ ሥራ ፍለጋ ከአገር የወጣ እንደ ሆነስ?

እስቲ በዛሪማ አንድ ቤት በሐሳባችን እንሥራ። አያትየው ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ ተኝተዋል። ባለቤታቸው በዓይን ሞራ ምክንያት አያዩም። ልጆቻቸው ሑመራ ወርደዋል። ቤት የቀረችው የዐሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጅ ውሃ ትቀዳለች፤ እንጀራ ትጋግራለች፤ አያቷን ታገላብጣለች፤ አሮጊቷን እጃቸውን ይዛ ትመራለች። ትምህርት ቤት ከሄደች ሰንብታለች። የዚህ ቤት ጧሪ እርሷ ናት።

ለዚህ ቤት የሚሆን እርዳታ ጭራሽ የለም ማለት አንችልም። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ተዘርግቷል። ከ2005 ጀምሮ የሴፍቲኔት ፕሮግራም በታቀፉ ወረዳዎች፥ መሥራት ለማይችሉ ቤተ ሰቦች በቀጥታ ድጋፍ የሚሰጥበት ሥርዓት ተደርጓል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ፤ ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም አለ። ችግሩ አራቱም የየራሳቸው በር፥ የየራሳቸው መዝገብና የየራሳቸው ቀጠሮ ያላቸው መሆናቸው ነው። በአራቱ በር የምትመላለሰው ያችው ልጅ ናት። ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ቢላኩ ደግሞ በሽተኛውን ተሸክሞ የሊማሊሞን ዳገት ማውጣት አለ።

ይህ መለያየት የሚያስከትለውን ጕዳት በዓይን ብቻ እንይ። በ2005 እና በ2006 በአገራችን በተደረገው ጥናት፥ ከ1,000 ሰው 16 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆነው ተገኝተዋል፤ የግማሾቹም ምክንያት የዓይን ሞራ ነበር። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። አሮጊቷ ዓይናቸው ቢበራ ኖሮ ልጅቱ ትምህርቷን ባላቋረጠች ነበር። ስለዚህ ሕክምናና ጡረት ሁለት ጉዳይ አይደሉም።

የተለያየ ሙያን ማቀናጀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1954 የተከፈተው የጐንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኰንኑን፥ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድ ቡድን እንዲሠሩ ያሠለጥን ነበር። የዛሬው የጐንደር ዩኒቨርሲቲም ፊዚዮቴራፒንና ኦኩፔሽናል ቴራፒን ያስተምራል፤ ከ1996 ጀምሮም በዳባት ወረዳ የቤተ ሰቦችን ልደትና ሞት፥ መምጣትና መሄድ ሲመዘግብ ቈይቷል። ዕውቀቱ ከሊማሊሞ በላይ አለ፤ የሚቀረው ወደ ታች ማውረዱ ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ በየቀበሌው ለነዚህ ቤቶች ኀላፊ የሚሆን አንድ ሰው ይሰየም፤ ለአንድ ቤትም አንድ መዝገብ ይኑር። ጃፓን በ2000 የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድንን ስታቋቁም፥ የእያንዳንዱን አዛውንት እርዳታ የሚያቀናጅ ባለሙያ መድባለች። የጃፓን ገንዘብ የለንም፤ አሳቡን ግን መውሰድ እንችላለን። አራቱን በር የሚያንኳኳው ይህ ሰው ይሁን እንጂ ልጅቱ አትሁን።

ሁለተኛ፤ ጧሪው ራሱ ይደገፍ። በሽተኛን ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ የመኝታ ቍስልን እንደሚከላከል፥ ሽባውን ወገን እንዴት ማንቀሳቀስ እንደሚገባ ቤት ድረስ ሄዶ የሚያስተምር ይኑር። አዝመራ በደቦ የሚሰበስብ ሕዝብ ጡረትንም በደቦ ሊያደርገው ይችላል። እድራችን ለቀብር ድንኳንና ገንዘብ ያዘጋጃል፤ በሳምንት ሁለት ቀን በተራ በሽተኛ የሚጠብቅ ሰው ቢመድብ ግን ልጅቱን ትምህርት ቤት ይመልሳታል።

ሦስተኛ፤ መሄድ የማይችሉት ሰዎች በስም ይታወቁ። በ2021 ጦርነቱ ዛሪማና አዲ አርቃይ ሲደርስ ሕዝቡ ወደ ደባርቅና ወደ ጐንደር ተሰደደ። እንዲህ ባለ ቀን የሚራመድ ይሸሻል፤ የተኛ ግን ተሸካሚ ይፈልጋል። የት ቤት ማን እንደ ተኛ የሚናገር መዝገብ በሰላም ጊዜ የሕክምና፥ በክፉ ቀን ደግሞ የሕይወት አድን መዝገብ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ትልቅ የአረጋውያን ቤት አይሻልም ወይ?» ይሉናል። ማንም ለሌለው መጠጊያ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ያለው የመቄዶንያ ማእከል የሚሠራው ሥራም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ቤተ ሰብና ጐረቤት ያላቸውን ሰው ከደብራቸውና ከሚያውቋቸው ሰዎች ለይቶ ሩቅ አገር መውሰድ የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ መፍትሔ ሊሆን አይገባም። «አገራችን ድሃ ናት» ለሚሉትም፥ የ1995 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ማዘዙን እናስታውሳቸዋለን። ያሉትን አራት በሮች ማገናኘት ከዐቅም በላይ አይደለም።

ከኛስ ምን ይጠበቃል? የጤናው ተማሪ፥ የሕጉ ተማሪ፥ የማኅበራዊ ሳይንሱ ተማሪ ለመስክ ሥራ ሲወጣ ለየብቻው መጠይቅ ይዞ አንዱን ቤት ሦስት ጊዜ ከማስቸገር፥ በአንድነት ሄዶ አንድ መዝገብ ይሙላ። መምህራኖቻችንም ይህን እንደ ትምህርት ሥራ እንዲቈጥሩልን በአክብሮት እንጠይቃለን። መሥሪያ ቤቶች እንዲቀናጁ የምንመክር እኛ፥ አስቀድመን ፋኩልቲዎቻችንን እናቀናጅ።