ዕቁቡ ሳይዘጋ
(በማኅበራችን የእሁድ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)



ሊቀመንበራችን "ስለ ፈተናው ንገሪያቸው" ስትለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ስለወደቁበት ፈተና በሰው ፊት መናገር ያሳፍራል። በኋላ ግን ዝም ማለቴ ምን ያህል እንዳስከፈለኝ ሳስበው እሺ አልኩ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ እዚህ ሜሪላንድ በአንድ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ አይሲዩ በሚባለው፣ ነርስ ነኝ። እንደ ብዙዎቻችን በነርስ ረዳትነት ጀምሬ፣ ልጆች እያሳደግኩ ተምሬ፣ ኤንክሌክስን አልፌ የሥራ ፈቃዴን አገኘሁ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው፣ ሲሲአርኤን ስለሚባለው ፈተና ነው።

ይህ ፈተና ግዴታ አይደለም። ያለ እሱም አይሲዩ ውስጥ መሥራት ይቻላል። የሚሰጠው በአሜሪካ የጽኑ ሕሙማን ነርሶች ማኅበር ሥር ባለው የምስክር ወረቀት ሰጪ አካል ሲሆን፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። ለመፈተን ከሚያበቁት መንገዶች አንዱ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት 1,750 ሰዓት ጽኑ ሕሙማንን በቀጥታ ማስታመም ነው፤ ከዚህ ውስጥ 875ቱ በመጨረሻው ዓመት የተሠሩ መሆን አለባቸው። እኔ ስፈተን ጥያቄዎቹ 150፣ ጊዜው ሦስት ሰዓት ነበር። ከጥያቄዎቹ 25ቱ ለሙከራ የገቡ ስለሆኑ አይቆጠሩም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ተፈታኟ አታውቅም። ያለፈችም በየሦስት ዓመቱ ታድሳለች።

"ግዴታ ካልሆነ ለምን ትደክሚያለሽ?" ያለችኝ እናቴ ናት። መልሴ ይህ ነበር፤ እማዬ፣ ሌሊት ላይ ሕመምተኛው ሲለወጥ ቀድማ የምታየው ነርሷ ናት። ያየችውን በትክክል ካልተናገረች ደግሞ ማየቷ ብቻውን አይበቃም። እንደኛ አነጋገሯ ለየት ያለ ሴት ስትናገር "እርግጠኛ ነሽ?" የሚላት አይጠፋም። እርግጠኛ መሆን ፈለግኩ።

የመጀመሪያ ጊዜ ስመዘገብ ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ እንኳ "ተጨማሪ ፈረቃ ወሰድኩ" እያልኩ ቤተ መጻሕፍት እቀመጥ ነበር። ሳልፍ እነግራቸዋለሁ፣ ካላለፍኩ ማንም አያውቅም ብዬ ነው። ስድስት ወር ብቻዬን መጽሐፍ ገለጥኩ፣ አሰመርኩ፣ ሸመደድኩ። ወደቅኩ። ከፈተናው ማዕከል ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ከመውደቄ ይልቅ የከበደኝ የምደውልለት ሰው ማጣቴ ነበር። እኔው ራሴ ነኝ ሰው ያሳጣሁት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለውን ለሕመምተኛ ስንት ጊዜ ብያለሁ!

ከዚያ በኋላ እዚሁ አዳራሽ ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት እህታችን "ሲሲአርኤን ልፈተን ነው፣ ፈርቻለሁ" አለች። እኔም መውደቄን ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ አወጣሁት። ሌሎች ሁለት ተጨመሩ፤ አራት ሆንን። የምንሠራው በተለያየ ሆስፒታል ነው።

አሠራራችን ቀላል ነበር። እሁድ እሁድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለአንድ ሰዓት ተኩል በስልክ እንገናኛለን። በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ እዚህ በአካል። በየሳምንቱ አንዷ በተራዋ አስተማሪ ናት። ሁላችንም ከመለማመጃ መጽሐፍ 25 ጥያቄ ሠርተን እንመጣለን፤ ያገኘነውን ትተን የሳትነውን ብቻ እናወራለን። ስለ ሕመምተኛ ስናነሳ ስምም፣ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገርም አንናገርም። ዋናው ደንባችን ግን ይህ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የሸመደድነውን በአማርኛ ማስረዳት ካልቻልን አልገባንም ማለት ነው።

አንድ እሁድ ተራ የደረሳት ስለ ሾክ ዓይነቶች ስታስረዳ፣ "የቤታችሁን የውኃ መስመር አስቡ" አለችን። "ፓምፑ ልብ ነው፣ ቧንቧው ደም ሥር ነው፣ ውኃው ደም ነው። ግፊት ሲወርድ ከሦስቱ የትኛው እንደተበላሸ ጠይቁ።" ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ውኃው ጎድሎበታል። ልቡ የደከመው ፓምፑ ሰንፎበታል፤ ሰውነቱ ደም ሥሮቹን ስለሚያጠብ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል። ከኢንፌክሽን የመጣ ከሆነ ቧንቧው ላልቷል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ቆዳው ሊሞቅ ይችላል። ከ800 እስከ 1,200 የሚለውን የደም ሥር ተቃውሞ ልክ ስድስት ወር ሙሉ ስሸመድደው ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ከ800 ሲወርድ የላላ፣ ከ1,200 ሲያልፍ የጠበበ ደም ሥር ይታየኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በሌሊት ፈረቃ፣ ግፊቱ የወረደ ሕመምተኛ ነበረኝ። ፈሳሽ እንዲጨመርለት ታዟል። እግሩን ስነካው ቀዝቅዟል፤ ሳንባውን ሳዳምጠው ውኃ የቋጠረ ድምፅ አለው። ሐኪሙ ጋ ደውዬ "ችግሩ ከልቡ ይመስለኛል፤ ፈሳሹን ከመስጠቴ በፊት መጥተህ እየው" አልኩት። መጣ፣ አየው፣ ትእዛዙን ቀየረ። ያን ሌሊት "እርግጠኛ ነሽ?" ያለኝ አልነበረም። ቢለኝም መልስ ነበረኝ።

በመጨረሻ ተፈተንን። ሦስታችን አለፍን። አንዷ አላለፈችም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። ያለፍነው ሦስቱ በየልባችን "እንግዲህ እሁዳችንን ለልጆቻችን" ማለት ጀምረን ነበር። እሷም "በቃ፣ እናንተ ጨርሳችኋል፣ አላስቸግራችሁም" አለች። ያኔ ከመካከላችን አንዷ፣ "ዕቁብ ስንጥል ቀድሞ የወጣላት ገንዘቧን ይዛ ትቀራለች እንዴ? የመጨረሻዋ እስኪደርሳት ትጥላለች እንጂ" አለች። ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልነበረም።

ግን እንዴት እንርዳት? ቀላሉ "ምን ምን መጣ?" ብላ እንድትጠይቀን፣ እኛም እንድንነግራት ነበር። አገር ቤት ከፈተና የወጣ ሁሉ በሩ ላይ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። እዚህ ግን ተፈታኝ ሁሉ ጥያቄዎቹን ለማንም ላለማውጣት ይስማማል፤ የተስማማነውን ማፍረስ አንችልም። እሷም አልጠየቀችንም። ይልቅ ውጤቷን ይዛ መጣች፤ በየክፍሉ የት እንደደከመች ያሳያል። የልብ ሕሙማን ክፍል ስለምትሠራ በልብ በኩል ጎበዝ ናት። የሳተችው የአንጎልና የሆርሞን በሽታዎችን ነበር።

ለምን ቀድማ እንዳልነገረችን ስንጠይቃት፣ "እናንተ ቶሎ ቶሎ ስትመልሱ አልገባኝም ማለት አፈርኩ" አለችን። ይህ ጥፋት የእሷ አይደለም፤ የእኛ ነው። ምስጢርን ለማስቀረት ብለን የሠራነው ቡድን ውስጥ ሌላ ምስጢር እንዲኖር አድርገናል። ስለዚህ ደንቡን ቀየርን። አሁን ቀድማ የምትናገረው ያልገባት ናት፤ የገባት ዝም ብላ ትጠብቃለች። የእሁዱን ርዕስ የምትመርጠውም እሷ ናት።

ፈተናዋ በሚቀጥለው ወር ነው። ይህን ሁሉ እንድናገር የፈቀደችልኝ እሷ ናት፤ አሁንም በመካከላችሁ ተቀምጣለች። "ቀኑን ይወቁትና ከፈተናው ስወጣ የምደውልለት ሰው ይብዛ" ብላኛለች። ታልፍ አታልፍ እንደሆነ ዛሬ ላረጋግጥላችሁ አልችልም። እሁድ ማታ 2 ሰዓት ላይ አራታችንም ስልኩ ላይ እንደምንሆን ግን አረጋግጣለሁ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለኝ። ቅዳሜ ስንገናኝ ልጆቻችንን የምትጠብቅልን ሴት የሚከፈላት እናንተ ከሰጣችሁት ነው። እሷ ባትኖር ከአራታችን ሁለቱ መምጣት አይችሉም ነበር። እናመሰግናለን።

ለመፈተን ለምታስቡ እህቶቼ ደግሞ፤ ሰዓታችሁን ዛሬ ቁጠሩ። በሳምንት ሦስት ጊዜ የ12 ሰዓት ፈረቃ የምትሠራ 1,750ውን በአንድ ዓመት ገደማ ታገኘዋለች። ማመልከቻችሁ ከጸደቀ በኋላ የመፈተኛው ጊዜ 90 ቀን ነውና ሳትዘጋጁ አታመልክቱ። ክፍያውን የሚመልስ አሠሪ ስላለ አለቃችሁን ጠይቁ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ አታጥኑ፤ ተኙ።

ከሁሉ በፊት ግን ለአንድ ሰው ተናገሩ። ከስብሰባው በኋላ ቡናው ጋ እጠብቃችኋለሁ።