ፓምፑ ከመፈታቱ በፊት፦ በደጋ ስለሚሠሩ ትንንሽ ሎደሮች የኤሌክትሪክ ብልሽት



በተለምዶ «ቦብካት» እየተባለ የሚጠራው ትንሽ ሎደር የተወለደው ከመንገድ ሥራ ሳይሆን ከእርባታ ቤት ነው። ሲረልና ሉዊስ ኬለር የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት የመጀመሪያውን የሠሩት፣ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ የሚያረባ ገበሬ ቤቱን የሚጠርግለት፣ ክብደቱ ቀላልና በጠባብ ቦታ የሚዞር መሣሪያ ስለፈለገ ነበር።

ይኸው በጠባብ ስፍራ የመዞር ችሎታው መሣሪያውን ለጎንደር ከተማ ጠባብ መንገዶች ተስማሚ አድርጎታል። ከከተማው ወደ ሰሜን በደባርቅ አልፎ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ በሚወርደው ጎዳናም ክረምት በገባ ቁጥር ናዳ ያሠጋል። እንዲህ ባለው ስፍራ አንድ ሎደር ክንዱ አልነሣ ብሎ ሲቆም፣ የሚቆመው መሣሪያው ብቻ ሳይሆን መንገደኛውና ጭነቱም ጭምር ነው።

የደጋው አየር ጠባይ በቅድሚያ ሊታሰብ ይገባዋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር፣ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከ71 እስከ 72 ከመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ መቀነሱ አይቀርም። ስለሆነም የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ክንዱ ሲታዘዝ ሞተሩ ይደክማልን? ሞተሩ እየተጨነቀ ክንዱ ቀስ ብሎ የሚነሣ ከሆነ፣ ነገሩ የሞተር ወይም የጭነት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ምንም ሳይሰማው ክንዱ ከቶ የማይነሣ ከሆነ ግን፣ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባበት በር ሳይከፈት ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ከኤሌክትሪኩ መጀመር አለበት።

ይህ በር በኤሌክትሪክ የሚሳብ ቫልቭ ነው። ከረንቱ ከባትሪው ተነሥቶ በፊውዝ ያልፋል፤ ኦፕሬተሩ መቀመጡንና የደኅንነት ዘንጉን ማውረዱን የሚያረጋግጡት ስዊቾች ከፈቀዱ፣ እንደ መሣሪያው ዓይነት በሪሌ ወይም በመቆጣጠሪያ ሣጥን በኩል ወደ ሶሌኖይዱ ጥቅል ሽቦ ይደርሳል፤ ከዚያም በማሳው ወደ ባትሪው ይመለሳል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ የክረምት እርጥበትና የበጋ አቧራ የሚያጠቁት አብዛኛውን ጊዜ ሶኬቱንና የማሳውን ማሰሪያ ነው።

የተለመደው ስሕተት እንዲህ ነው። ባለሙያው የሶሌኖይዱን ሶኬት ነቅሎ በቴስተር ይለካል፤ 12 ቮልት ያገኛል፤ «ኤሌክትሪኩ ደኅና ነው» ይልና ፓምፑን ይፈታል። ይሁን እንጂ ሶኬቱ ሲነቀል ከረንት ስለማይፈስ፣ የዛገው ማያያዣ ምንም ቮልት አያጠፋም፤ ጉድለቱም ተሰውሮ ይቀራል።

ለምሳሌ ያህል የጥቅል ሽቦው ሬዚስታንስ 8 ኦም ነው እንበል። ጤናማ ከሆነ በ12 ቮልት 1.5 አምፔር ይስባል። የዛገ ማሳ 4 ኦም ቢጨምርበት፣ ድምሩ 12 ኦም፣ ከረንቱም 1 አምፔር ይሆናል፤ 4 ቮልት በዝገቱ ላይ ቀርቶ ለሶሌኖይዱ የሚደርሰው 8 ቮልት ብቻ ነው። የመሳብ ኃይሉ የከረንቱን ካሬ በግምት ስለሚከተል ወደ 44 ከመቶ ይወርዳል። መሣሪያው ሠርቶ ጥቅል ሽቦው ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል ደግሞ፣ የመዳብ ሬዚስታንስ ከሙቀት ጋር ስለሚያድግ 8 ኦም የነበረው 9.9 ኦም ገደማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የመሳብ ኃይሉ ሲሶ ብቻ ይቀራል። ጠዋት በብርዱ የሠራ ሎደር ከቀትር በኋላ የሚያምፅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ የምርመራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያ ክንዱ መሬት ላይ ይረፍ፤ ተነሥቶ የቀረ ከሆነ በብረት ድጋፉ ሳይታሰር ማንም ከሥሩ አይግባ። ሁለተኛ፣ ባትሪውና ፊውዙ ይታዩ። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ተከፍቶ፣ አንድ ሰው በወንበሩ ተቀምጦ ዘንጉን አውርዶ፣ ሶኬቱ ሳይነቀል በጥቅል ሽቦው ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ቮልት ይለካ። ከባትሪው ጋር የተቀራረበ ከሆነ፣ ሶሌኖይዱ ራሱና ቫልቩ ይመርመሩ፤ የዘይቱ ግፊትና ፓምፑ የሚጠረጠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቮልቱ ካነሰ ግን፣ አንድ ጊዜ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ጥቅል ሽቦው መግቢያ፣ ሌላ ጊዜ ከጥቅል ሽቦው መውጫ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ይለካ፤ የጠፋው ቮልት የተገኘበት ወገን ጥፋቱ ያለበት ወገን ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ፓምፑን በከንቱ መፍታት አይደለም። ሥራ ሲያጣድፍ የወንበሩን ወይም የዘንጉን ስዊች በቁራጭ ሽቦ «ዳይሬክት» ማድረግ በየስፍራው የሚታይ ልማድ ነው። ሎደሩ በዚያው ቀን ይሠራል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መሣሪያው ኦፕሬተሩ ይቀመጥ አይቀመጥ አያውቅም፤ በክንዱና በሰውየው ገላ መካከል የነበረው ጠባቂ ተነሥቷል። ቁራጭ ሽቦው በሽፋኑ ሥር ስለሚቀር፣ ቀጥሎ የሚመጣው ኦፕሬተር ይህን ሊያውቅ አይችልም።

እንግዲህ ከዚህ ማኅበር አባላት የሚጠበቀው ከባድ ነገር አይደለም። በእጃቸው የሚያልፈው እያንዳንዱ ሎደር ሲጠገን፣ በጭነት ላይ የተለካው ቮልት ከነቀኑ በመዝገብ ይጻፍ፤ ዳይሬክት የተደረገ ስዊች ሲገኝም ትክክለኛው ስዊች እስኪተካ ድረስ መሣሪያው ወደ ሥራ አይመለስ። አንድ ቀን የሚቆም ሎደር ኪሣራ ነው፤ ኪሣራው ግን በሌላ ቀን ሥራ ሊካካስ ይችላል።